ድልድዩ ገሠሠ እና የዋጠኝ ቱቦ

ገሠሠ የሰንበት በርን ሕዝብ ግማሹን የሚያውቀው በጀርባው ነው። ከፋሲካ በኋላ ማን እንደ ወፈረ፣ በፍልሰታ ማን እንደ ከሳ፣ ማን አንገት አንቆ እንደሚይዝ፣ ማን ደግሞ እንደ ጆንያ ዝም ብሎ እንደሚንጠለጠል ጠይቁት፤ ሳያስብ ይነግራችኋል።

ሰንበት በር ከቀየት ብዙም የማትርቅ ትንሽ የመንዝ ከተማ ናት። ያላት አንድ ዋና መንገድ ነው። ከመንገዱ በላይ ቤተ ክርስቲያኑና ማዘጋጃ ቤቱ፣ ከመንገዱ በታች ገበያው አለ። ክረምት ሲገባ ከኮረብታው የሚወርደው ጎርፍ የየቤቱን እጣቢ እየጠራረገ ይመጣና መንገዱ ላይ ሲደርስ መውጫ አጥቶ ይተኛል። አፈሩ ዋልካ ነው፤ ጫማ ከዋጠ አይመልስም። እንኳን ጫማ፣ አንድ ጊዜ የበግ ሙክት እስከ አንገቱ ገብቶ በገመድ ነው የወጣው። ስለዚህ ሰዉ ቦታውን «ዋጠኝ» ይለዋል።

ገሠሠ የገበሬ ልጅ ነው። አባቱ የተዉት የገብስ ማሳ ለወንድማማቾቹ ሲከፋፈል፣ ለእሱ የደረሰው በሬ ማዞሪያ እንኳ አልሆን ሲለው ከተማ ገባና ወፍጮ ቤት ጆንያ ተሸካሚ ሆነ። አንድ የሐምሌ ጠዋት እማሆይ ብርነሽ ቅዳሴ ሊያመልጣቸው ሆኖ ዋጠኝ ዳር ቆመው ሲያለቅሱ አየ።

«ይምጡ እናቴ» አላቸው ጎንበስ ብሎ፤ «ስንት ኩንታል የተሸከመ ጀርባ እርስዎን አይጥልም።»

አሻገራቸው። በማግሥቱ እማሆይ ብርነሽ እዚያው ቦታ ቆመው ጠበቁት፤ ከኋላቸው ደግሞ ሌላ ሰው ተሰልፏል። እንዲህ እንዲህ እያለ ገሠሠ ክረምት በመጣ ቁጥር ወፍጮ ቤቱን እየተወ ሰው ማሻገር ያዘ። ያለው ሳንቲም፣ የሌለው እፍኝ ቆሎ፣ መነኮሳቱ ምርቃት ይሰጡታል። ስሙም ቀረና «ድልድዩ» ተባለ።

ከሚያሻግራቸው ሁሉ ግን እንደ ጌታነሽ ያለ አልነበረም። ጌታነሽ ገበያው ዳር ባና፣ የመንዙን የሱፍ ብርድ ልብስ፣ የምትሸጥ ሴት ናት። ከባሏ ከተለያየች ዓመታት አልፈዋል፤ ከሳቋ ግን አልተለያየችም። ገሠሠ ብድግ ሲያደርጋት ሳቋ ይመጣል። እሷ ስትስቅ እሱ ይንገዳገዳል፤ እሱ ሲንገዳገድ እሷን ይብስባታል። ዳር ቆሞ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ አብሮ ይፈርሳል። ገሠሠ ከመነሣቱ በፊት ሁልጊዜ «ዛሬስ እነግራታለሁ» ይላል። ማዶ ሲደርስ ግን አፉ የሚያወጣው ትንፋሽ ብቻ ነው። ያወርዳታል፤ ትመርቀዋለች፤ እየሳቀች ትሄዳለች፤ እሱ ደግሞ ያሰበውን ሁሉ ዋጠኝ ውስጥ ጥሎት ይመለሳል።

ነገሩ የተለወጠው ገሠሠ ከንቲባውን የተሸከመ ቀን ነው።

ከንቲባው አቶ ዓምደ ሚካኤል ደግ፣ ወሬ የሚወዱ፣ ሰውነታቸው ሞላ ያለ ሰው ናቸው። የዚያን ዕለት ከገበያው ወደ ማዘጋጃ ቤቱ ለመሻገር ገሠሠ ጀርባ ላይ ወጡ። መሐል ሲደርሱ ስልካቸው ጮኸ። የበላይ አለቃቸው ኖረዋል።

«አቤት ጌታዬ! አዎ፣ መንገድ ላይ ነኝ» አሉ ከንቲባው በሙሉ ድምፅ። «የፍሳሹ ነገር? እሱማ ጥናቱ አልቋል፤ እንዲያውም መስመሩ በዚህ…» ብለው በእጃቸው ሊያሳዩ ዘወር አሉ። አለቃቸው በስልክ የሚያዩ ይመስል!

ገሠሠ አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ ዘመመ። ሦስተኛው ላይ ሁለቱም አብረው ተቀመጡ። ጭቃው እስከ ወገባቸው ደረሰ። ከንቲባው ግን ስልኩን ወደ ሰማይ አንሥተው አድነውታል። ሕዝቡ ትንፋሹን ውጦ ሲያይ፣ ቀስ ብለው ወደ ጆሯቸው መለሱትና፣

«አዎ ጌታዬ፣ አልተቋረጠም። አሁን ጉዳዩ ውስጥ በደንብ ገብቼበታለሁ» አሉ።

ሰዉ በሳቅ ተንከተከተ። መጀመሪያ የሳቁት ራሳቸው ከንቲባው ናቸው። ገሠሠ «ይቅር ይበሉኝ ክቡር ከንቲባ» እያለ ሲያነሣቸው፣ «ተወኝ ልጄ፣ ይኼን ጭቃ ሳላውቀው ነበር ስለ እሱ የምሰበሰበው» አሉት።

ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲደርቅ ሥራው ተጀመረ። ለመጀመሪያ ጊዜ እስካቫተር ሰንበት በር ሲገባ ሴቱ በእልልታ፣ ወንዱ በጭብጨባ ወጣ። መሪጌታ አትናቴዎስ መቋሚያቸውን ይዘው መጡና የማሽኑን አንገት ሲወርድ ሲወጣ አይተው «ይኼስ ወረብ ያውቃል» አሉ። ቀጥሎ ሰው ቆሞ ሊገባባቸው ትንሽ የቀራቸው ትልልቅ የሲሚንቶ ቱቦዎች በሲኖትራክ መጡ። ዕቅዱ ቀላል ነው፦ የኮረብታው ጎርፍ ከመንገዱ በላይ በቦይ ተሰብስቦ ቱቦው ውስጥ ይገባል፤ ከመንገዱ ሥር አልፎ ገበያው ጥግ ይወጣና ወደ ገደሉ ይወርዳል። መንገዱ ደግሞ ኮብልስቶን ይለብሳል።

ገሠሠ ከሁሉም ቀድሞ ተመዘገበ፤ ከሁሉም አብልጦ ቆፈረ። ከአዲስ አበባ የመጣችው ወጣቷ መሐንዲስ ትሕትና እንኳ «ጋሼ ገሠሠ፣ እባክዎ ለማሽኑም ትንሽ ይተዉለት» ትለው ነበር። ቁፋሮው በገፋ ቁጥር ግን ደስታው ከሆዱ ጋር ይጣላበት ጀመር። አንድ ቀን አካፋውን ተደግፎ ሲተክዝ መሪጌታ አትናቴዎስ አዩት።

«ምነው ልጄ? እንጀራህን እየቀበርክ መሆኑ ታወሰህ?»

«እንጀራስ አይጠፋም መሪጌታ። መንገዱ ከደረቀ ጌታነሽን በምን አገኛታለሁ?»

መሪጌታ አትናቴዎስ ጢማቸውን ያዙ። ሳቃቸውን እየዋጡ ነው።

«ታዲያ ሽማግሌ ልሁንልህና ዘመሮ የሚኖሩት አጎቷ ዘንድ ልሂድ?»

«መጀመሪያ ራሷን ልጠይቅ እንጂ። እሷ ካልፈቀደች አጎቷ ምን ያደርጉልኛል?»

«ጠይቃታ! አፍ የለህም?»

«አለኝ። እሷን ሳይ ግን ይሰወርብኛል።»

«እንግዲያው ሳታያት ተለማመድ» አሉና መቋሚያቸውን እየጎተቱ ሄዱ።

ምክሩ ጆሮው ውስጥ ቀረ። ቱቦዎቹ ተቀጥለው አፈር ከለበሱ በኋላ፣ አንድ ቅዳሜ ትሕትና ሠራተኞቹን ሰበሰበች። መጋጠሚያው ላይ የተረፈው ሲሚንቶ ከውስጥ ካልተፋቀ ቆሻሻ እየያዘ ቱቦውን ይደፍነዋል አለች። ማን ይግባ? ሁሉም ወደ ጨለማው አፍ አየና ወደ ኋላ አለ። ገሠሠ መፋቂያውን አንሥቶ በላይኛው በኩል ገባ።

ውስጡ ጭር ያለ፣ ቀዝቃዛና ጨለማ ነው። ጥቂት ጎንበስ ብሎ ከሄደ በኋላ ቱቦው ስለሚታጠፍ የኋላው ብርሃን ጠፋ፤ የፊቱም ገና አልመጣም። እየፋቀ አንጎራጎረ። ድምፁ ወፍሮ፣ አምሮ ተመለሰለት። በሕይወቱ እንዲህ ያለ ድምፅ እንዳለው አያውቅም ነበር። ልቡ ሞቅ አለው። ሰው የለ፣ ዓይን የለ። ሳታያት ተለማመድ አይደል የተባለው?

«ጌታነሽ!» አለ ለሙከራ።

«ነሽ… ነሽ… ነሽ…» አለ ቱቦው።

ጉሮሮውን ጠረገ። «የተከበርሽ ወይዘሮ ጌታነሽ! የከተማችን ልማት ከዳር እንዲደርስ… አይ፣ ይኼ የከንቲባው ነው።» ትንሽ ፋቀና እንደገና ጀመረ። «ጌታነሽ፣ እኔ ሀብት የለኝም፤ ግን ጀርባዬ ሰፊ ነው፣ ጥርሴም ጤነኛ ነው፣ ብዙ አልበላም… ኤዲያ! አህያ የምሸጥ አስመሰልኩት እኮ!»

መፋቂያውን አስቀመጠ። ሦስተኛው ሳያስበው ወጣ።

«ጌታነሽ፣ ስሚኝማ። አንቺን ባሻገርኩ ቁጥር ምነው መንገዱ በሰፋ እል ነበር። ይኸው በገዛ እጄ ቆፍሬ አደረቅኩት። መንገዱ ደረቀ ብለሽ እንዳትረሺኝ። ክረምት ክረምቱን ብቻ ሳይሆን በጋውንም አብሬሽ ልሁን። ጎጆ እንቀልስ።»

ቱቦው «እንቀልስ… ቀልስ… ልስ…» እያለ ወሰደውና ዝም አለ። ገሠሠ ላብ በላብ ሆኗል። ደህና ሄዶለታል! እንዲህ አድርጎ ነገ ቢነግራት…

ከታች በኩል ሳቅ መጣ።

ያ ሳቅ ነው። ጀርባው ያውቀዋል። ቱቦው ውስጥ እየተንከባለለ፣ እያደገ መጥቶ ፊቱ ላይ ፈነዳ። ገሠሠ የቱቦው ሌላ አፍ የሚከፈተው ገበያው ጥግ፣ ጌታነሽ ባና ከምትዘረጋበት አጠገብ መሆኑን፣ ዕለቱም ቅዳሜ መሆኑን ያኔ አስታወሰ። እዚያው ቁጭ አለ።

«አንተ ገሠሠ!» አለ የጌታነሽ ድምፅ እንደ ደወል። «አህያውን ተውና የመጨረሻውን ድገመው! ቅቤ ሻጯ እትዬ ጥሩሸዋ አልሰማሁም ይላሉ!»

ቀጥሎ የመጣው የገበያው ሁሉ ሳቅ ነው፤ እልልታ ተከተለው፤ የበግ ጩኸትም ተቀላቀለበት። ገሠሠ ወደ ላይ ሊሸሽ ዞረ። ከዚያም በኩል የትሕትና ድምፅ መጣ፤ እሷም በሳቅ ትንከተከታለች።

«ጋሼ ገሠሠ! በላይ ነው የሚወጡት በታች?»

ላይም ሰው፣ ታችም ሰው። መሐል የተያዘ ሰው ደግሞ አንዳንዴ ይደፍራል። ገሠሠ ወደ ታች ዞሮ አፉን በሁለት እጁ ከለለና ጮኸ።

«መልሱን ሳልሰማ አልወጣም!»

ገበያው ሁሉ ወደ ጌታነሽ ዞረ።

«ለቱቦ እሺ አልልም!» አለች ጌታነሽ። «ወጥተህ ፊትህን አሳየኝ!»

ሄደ። እየተጋጨ፣ እየተንሸራተተ፣ አንዴም በአራት እግሩ እየዳኸ ሄደ። ብርሃኑ ሲመጣ ሩጫ ሞከረና ራሱን ከቱቦው ጋር አጋጨ። ሲወጣ ከፀጉሩ እስከ ጫማው ሲሚንቶ ለብሶ፣ ዓይኑ ብቻ የሚያበራ አመዳም ፍጥረት ሆኖ ነበር። አንዱ በግ ሲያየው ገመዱን በጥሶ ሮጠ፤ ባለቤቱም እየተራገመ ተከተለው። ጌታነሽ ወገቧን ይዛ ቆማለች። ዓይኗ እንባ አቅርሯል፤ ከሳቅ ይሁን ከሌላ ነገር እሱ አያውቅም።

«ይኼን ሁሉ ዘመን ተሸክመኸኝ አንድ ቃል አልተናገርክም» አለችው። «ቤት ስንገባም እንዲህ ዝም ልትለኝ ነው?»

ቤት ስንገባ! ገሠሠ ቃሏን ለመጨበጥ ጊዜ ወሰደበት።

«ካስፈለገ ጓሮ ቱቦ አስቀብራለሁ» አለ።

ጌታነሽ ከዘረጋቻቸው ባናዎች ትልቁን አነሣችና ከነሲሚንቶው ጠቀለለችው። ከዚያ በኋላ የተባለውን ማንም አልሰማም፤ እልልታው አላሰማም።

መሪጌታ አትናቴዎስ ግን ወግ ወግ ነው ብለው ሽማግሌ አስከትለው ዘመሮ ወረዱ። የጌታነሽ አጎት በር ላይ ተቀብለዋቸው፣ ገና ሳይቀመጡ «ሰምተናል፣ ሰምተናል፤ እዚህ ድረስ ተሰምቷል» አሏቸው። ጠላ ቀረበ፣ ነገሩም አለቀ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ ሆነ። ኮብልስቶኑ ተነጥፎ ያለቀውም በዚያው ሰሞን ነው። ከንቲባው ለምረቃው እንግዶች ጋብዘው፣ መንገዱ ላይ ሪባን አስወጥረው፣ ንግግራቸውን ይዘው ቆመው ነበር። እንግዶቹ ዘገዩ። የሠርገኛው ጭፈራ ግን አልዘገየም። ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል እየዘለለ ወረደና ሪባኑ መኖሩን ማንም ሳያይ በጥሶት አለፈ። ሪባኑ የገሠሠ አንገት ላይ ተጠምጥሞ ቀረ። ከንቲባው ንግግሩን ኪሳቸው ከተቱና ትከሻቸውን እየሰበቁ ጭፈራው ውስጥ ገቡ። እንግዶቹ ሲደርሱ ያገኟቸው ላብ በላብ ሆነው ነው።

ሐምሌ ላይ የመጀመሪያው ከባድ ዝናብ ከሰዓት በኋላ ጣለ። ኮረብታው ጠቆረ፣ በረዶውም አብሮ ወረደ። በሌላ ጊዜ በሩን ዘግቶ እሳት ይሞቅ የነበረው ሰው ሁሉ ላስቲክ እየለበሰ ገበያው ጥግ ገደሉ አፋፍ ላይ ወደሚከፈተው የቱቦ መውጫ ሮጠ። ማዘጋጃ ቤቱ ቦይ እንዲጠብቅ የቀጠረው ገሠሠ ዶማውን ይዞ ቀድሞ ደርሷል። ለረጅም ጊዜ ምንም አልመጣም። ሰዉ ተያየ። ትሕትና ጥፍሯን ትበላለች።

ከዚያ ቱቦው አጓራ። አንድ ቆርቆሮ፣ አንድ አሮጌ ጫማ፣ የብዙ ቤት እጣቢ፣ ከኋላውም ቡናማው ጎርፍ እየተገለባበጠ ወጣና ገደሉ ውስጥ ተወረወረ። ሰንበት በር በሙሉ ለቆሻሻ ውሃ እልል አለ። እማሆይ ብርነሽ ሳይቀሩ እጃቸውን ወደ ሰማይ ዘርግተው «ተመስገን» ይላሉ። ትሕትና ያገኘችውን ሁሉ ታቅፋለች። ገሠሠ ዝናቡ እየደበደበው እንደ ሕፃን ይዘላል።

ጌታነሽ ጃንጥላዋን ይዛ ደረሰችና እጅጌውን ያዘችው።

«ና ግባ፣ ብርድ ሊመታህ ነው።»

«ትንሽ ልየው» አለ፤ «ተይኝ፣ ትንሽ ልየው።»

አየችውና ጃንጥላውን አጠፈች። እሷም አብራው ቆማ ማየት ጀመረች።