ሰፌድ ላይ ደርቀው የቀሩት የሐር ትሎች

በዚያ ጠዋት አምስት ነበርን። አባቴ በሩ ላይ ቆመዋል፤ እናቴ መደቡ ላይ ተቀምጣለች፤ ታላቅ እህቴ ሰፌዱን ጉልበቷ ላይ አድርጋለች፤ አክስቴ፣ የአባቴ እህት፣ ጠበል በጀሪካን ይዘው ገና መግባታቸው ነው፤ አምስተኛው እኔ ነኝ።

ቤታችን ከዓለም ከተማ ቁልቁል ነው። ጓሮ ያለችውን የፈረንጅ እንጆሪ ዛፍ የቀበሌው የልማት ሠራተኛ በቁራጭ አምጥቶ ያስተከለን ነው። ፍሬዋ ቢበስልም ነጭ ነው። ቅጠሏን በበጋ ለጥጃ እንመለምላለን። አባቴ ግን ጥላዋ ማሽላቸውን ስላቀጨጨባቸው ሊቆርጧት ወስነው ነበር። እህቴ ከሠራተኛው ቅጠሏን የሚበላ የሐር ትል ተቀብላ ስትለምናቸው፣ “ድር ካደሩ ትቆያለች፤ ካልሆነ ለአጥር ትሆነኛለች” አሏት።

ያን ጠዋት ትሎቹ መብላት ትተው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው ድርቅ ብለዋል።

“በይ፣ አለቁልሽ” አሉ አባቴ።

“ቡዳ ነው!” አሉ አክስቴ። “ለመንደሩ ሁሉ አታሳዪ አላልኩሽም?” ብለው እህቴ ሳትከለክላቸው ጠበሉን በሰፌዱ ላይ ረጩት።

“እትዬ! እርጥብ ቅጠል ይገድላቸዋል ተብያለሁ!”

“ጠበል ገደለ ሲባል የት ሰማሽ?”

እህቴ አባቴን ቀና ብላ አየቻቸው። “አባባ፣ እስከ ነገ ይታገሡኝ።”

“እስከ ነገ ብቻ” ብለው ወጡ። እኛ እርጥቡን ቅጠል አወጣን፤ ትሎቹን ሳንነካ ዙሪያቸውን በጨርቅ ጫፍ አደረቅን። እናቴ፣ “ስድስት ልጅ አሳድጌ ደግሞ ትል ልጠርግ!” እያለች ትስቃለች፤ እጇ ግን ከሁላችንም የቀለለ ነበር።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ ቆዳቸው ከራሳቸው በኩል ተሰነጠቀና ወፍረው ወጡ። ለካ ቆዳ ሊቀይሩ ኖሯል። ሠራተኛው ለእህቴ ስለ እርጥቡ ቅጠል እንጂ ስለዚህ አልነገራትም። ትሎቹ ቅጠል ሲፈልጉ አባቴ ራሳቸው ዛፏ ላይ ወጡ። ከላይ ሆነው፣ “ይሄኛው ቅጠል እርጥበት አለው፤ ይሆናቸዋል?” ብለው ጠየቋት። አክስቴ ከታች፣ “ጠበሉ ነው ያዳናቸው” ይላሉ።

ትሎቹ በኋላ ድራቸውን አደሩ፤ ዛፏም አልተቆረጠችም። ቆዳ ሳይቀይሩ ደርቀው የሞቱት በእኔ ቆጠራ አሥራ አንድ ነበሩ፤ እህቴ ዘጠኝ ትላለች። አባቴ ዛፍ ላይ የወጡት ትሎቹ ቆዳ በቀየሩበት ቀን ይሁን በማግስቱ እርግጠኛ አይደለሁም። አብራችሁኝ የነበራችሁ አራታችሁ፣ የተሳሳትኩትን አርሙ፤ የዘነጋሁትንም ጨምሩበት።