ጁነዲንና የማዶው አንቴና

የጁነዲን የጨርቅ ጅምላ መደብር ከእኔ የክርና የአዝራር ሱቅ ጋር ግድግዳ ይጋራል። በገበያ ተራችን ውስጥ እንደሱ ተጠራጣሪ ሰው አላየሁም። ፋብሪካው ሃምሳ ሜትር ነው ብሎ የጠቀለለውን ጣቃ ፈትቶ ራሱ ካልለካ እንቅልፍ አይወስደውም። እኔን የአሥራ ስድስት ዓመት ጎረቤቱን እንኳ ሱቁን አደራ ብሎኝ ሄዶ፣ ከጥግ ቆሞ ሲሰልለኝ ይዤዋለሁ። ተቀይሜው ሦስት ቀን አላናገርኩትም።

ጥርጣሬው ወደ ሞባይል የዞረው ወንድሙ ሙነወር ሲሞት ነው። ሲም ካርድ በወረፋ በሚገኝበት ዘመን ጁነዲን ተሰልፎ፣ ቀፎውንም ራሱ መርጦ ለታናሽ ወንድሙ ሰጠው። በስምንተኛው ወር ሙነወር በጭንቅላት ዕጢ ሞተ። ለቅሶው ላይ አንዱ ወሬኛ፣ “ሞባይሉ ነው የበላው፤ ጨረር አለው” አለ። ያን ሰውዬ ዛሬም ባገኘው አልምረውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጁነዲን ወንድሜን የገደልኩት እኔ ነኝ ብሎ ደመደመ። ለሟቹ ሚስት ለሰዓደትና ለልጆቿ አስቤዛ በሰው ይልካል፤ እሱ ግን ደጃቸውን አይረግጥም። ፊቷን ማየት አቃተው።

ሁለት ዓመት አለፈ። በ1999 ግንቦት ከማዶው ፎቅ ጣሪያ ላይ አንቴና ተተከለ። ጁነዲን ራሱን በቀኝ በኩል ያመው ነበርና በአንቴናው አመካኘ።

“እትዬ ሠርኬ፣ እኔም በሙነወር መንገድ እየሄድኩ ነው” አለኝ። አሳዘነኝም፣ አናደደኝም።

ለንግዱ ሲል ሞባይሉን ባይተውም፣ ከዚያ በኋላ ስልክ በተደወለለት ቁጥር ከአንቴናው ለመሸሽ ወደ ጓሮው የቆርቆሮ መጋዘን ይገባል። መስመሩ እየተቆራረጠበት እዚያው እየጮኸ ያወራል። ሐኪም ቤት ሂድ ስለው፣ “ሐኪሙ ራሱ ሞባይል በኪሱ ይዞ እንዴት እውነቱን ይነግረኛል?” አለኝ።

እኔ ደግሞ ነገር አልረሳም። “ስማ፣ ራሴን አመመኝ ያልከኝ ሁዳዴ ጾም ላይ ነው። አንቴናው የመጣው ግንቦት ነው። በሽታው ቀድሞ መጥቶ አንቴናውን ሲጠብቅ ነበር?” አልኩት። እጅጌውን ይዤ ወሰድኩት።

ሐኪሟ ወጣት ናት። ዓይኑን አየች፣ በመዶሻ ጉልበቱን መታ መታ አደረገች፣ ቀጥ ባለ መስመር አስኬደችው። ከዚያ፣ “ስልክ የሚያወሩት እንዴት ነው?” አለችው። ቀኝ ትከሻውን ሰቀለ፣ ጆሮውን ጫነበት፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጨርቅ መለካት ጀመረ። የእኛ ተራ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው፤ እጁ ጣቃ ላይ፣ ስልኩ አንገቱ ውስጥ። ማጅራቱን ጫን ብታደርገው ጮኸ።

“ሕመምዎ ይሄ ነው። ጡንቻው ተኮማትሯል።”

“ከሱቄ ማዶ ያለው አንቴና ጨረርስ?”

“የሞባይል ሞገድ ደካማ ነው። ዕጢ እንደሚያመጣ አልተረጋገጠም፤ ጥናቱ ግን አላለቀም። መጠንቀቅ ከፈለጉ በጆሮ ማዳመጫ ያውሩ፣ አሳጥረውም ያውሩ። ከማዶው አንቴና ይልቅ ወደ ራስዎ የሚደርሰው ጆሮዎ ላይ የለጠፉት ቀፎ ነው። ኔትወርክ በሌለበት ቦታ ደግሞ ስልኩ አንቴናውን ለማግኘት ጉልበቱን ይጨምራል።”

“ቆርቆሮ መጋዘን ውስጥስ?” አልኳት ሳቄን አፍኜ።

“እዚያማ ይብሳል።”

ጁነዲን አልሳቀም። “ወንድሜስ?” አለ። “ስምንት ወር ብቻ ነው የያዘው። የገዛሁለት እኔ ነኝ።”

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። “ያላየሁትን በሽተኛ እንዲህ ነው ማለት አልችልም። ዕጢ ግን ሞባይል ሳይመጣም ነበረ። ምልክቱ መቼ እንደጀመረው ቤተሰቡን ይጠይቁ።”

ከደጅ ስንወጣ፣ “ልታጽናናኝ ፈልጋ ነው” አለኝ። እሷንም ጠረጠረ! ትዕግሥቴ አለቀ። በራሴ ስልክ ለሰዓደት ደውዬ እጁ ላይ አስቀመጥኩለት። ቀፎውን ከጆሮው አርቆ ስለያዘው የምትለውን ሁሉ እሰማለሁ።

“ሰዓደት፣ ሙነወርን ራሱን ማመም የጀመረው መቼ ነው?”

“ሞባይሉን ሳትሰጠው በፊት ነው። ረመዳን ላይ። ‘ጾሙ ነው፣ ለጁነዲን እንዳትነግሪው፣ ይጨነቃል’ አለኝ።”

ጁነዲን መንገዱ ዳር ድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። “ከሞተ በኋላስ ለምን አልነገርሽኝም?”

“መቼ መጥተህ ጠየቅከኝ? ወንድሙ ሲሞት ልጆቹ ከበዱት ብለን ተቀይመንህ ነው የተቀመጥነው። ልጄ ሉብና ሰው ሲጠይቃት፣ ‘አጎት የለኝም’ ነው የምትለው።”