የአቶ አስማማው ሞተር አምፖል

ይሻው ደብረ ታቦር መናኸሪያው አጠገብ የመኪናና የሞተር ኤሌክትሪክ ሲጠግን ከሠላሳ ዓመት በላይ ሆኖታል። አሮጌ ሞተር ያለው ሁሉ ወደሱ ይሄዳል፤ የዕቃውን ቁጥር ሳያነብና የሽቦውን ቀለም ሳያይ ምንም እንደማይገጥም ስለሚያውቁ።

ባለፈው ሐምሌ መምህርት የሺሃረግ የአባቷን ሞተር በአይሱዙ አስጭና አመጣችለት። አባቷ አቶ አስማማው የወባ መከላከል ሠራተኛ ሳሉ ደራንና ፎገራን ያዳረሱበት ነው። መሥሪያ ቤቱ ሲያስወግደው ገዝተው ጋፋት ባለው ቤታቸው አስቀመጡት።

«ዕቃው ሁሉ የራሱ የድሮው እንዲሆን ነው የምፈልገው» አለችው። «አባባ በየቀኑ ይወለውሉታል።»

«ይነዱታል?»

«ከተውት ቆዩ። ገና በሥራ ላይ እያሉ ዓይናቸው ደከመ። ሲመሽና ጉም ሲሆን መንገዱ አልታይ ቢላቸው ቢሮ ገቡ።»

ይሻው የፊት መብራቱን ፈታ። አምፖሉን አውጥቶ የናሱን እግር በጨርቅ ጠረገው። 12 ይላል። ሞተሩ ግን ባለ ስድስት ቮልት ነው፤ ባትሪ ማስቀመጫው ላይ ተጽፏል። ባለ ዐሥራ ሁለት አምፖል በስድስት ቮልት አይቃጠልም፤ እንደ ፍም ይቀላል እንጂ መንገድ አያሳይም።

ቀጥሎ ከአምፖሉ ጀርባ ያለውን ሽቦ አየ። በጧፍ ሰም የተነከረ ቀይ ክር ተጠምጥሞበታል። ድሮ የሽቦ መጠቅለያ ናስትሮ ሲጠፋ እንዲህ የሚጠመጥመው እሱ ራሱ ነበር።

ያኔ ትዝ አለው። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ሳለ አቶ አስማማው አምፖል ተቃጥሎባቸው መጡ። ባለ ስድስቱ ከገበያ ጠፍቶ ስለነበር ያገኘውን ገጠመና «ያው ነው» አላቸው። እግሩ ልክ ስለገባ እውነትም ያው መስሎት ነበር። ልዩነቱን የተማረው በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ግን እሳቸውን አላስታወሰም።

ለየሺሃረግ ወዲያው አልነገራትም። መጀመሪያ ዕቃውን ፈለገ። ከባሕር ዳር የተላከለት ሳጥን «ኦርጅናል» ይላል፤ ናሱ ላይ ግን 12 ስላነበበ መለሰው። በመጨረሻ ሐሙሲት ገበያ፣ አሮጌ ብረት ከምትሸጠው ከእመቤት ዘንድ የዚሁ ዓይነት ሞተር ሙሉ የፊት መብራት አገኘ። የሽቦዎቹ ቀለም አንድ ነው። አምፖሉ ላይም 6 ተቀርጿል። እዚያው በባትሪ ሞከረው፤ በራ።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩን ራሱ ነድቶ ጋፋት ወሰደው። ነሐሴ ነው፤ ጉሙ ከጠዋት ጀምሮ አልተገለጠም። አቶ አስማማው ጋቢያቸውን ለብሰው በረንዳ ላይ ተቀምጠዋል፤ የሺሃረግም አጠገባቸው ናት።

«ጋሼ» አላቸው ሞተሩን ሳያጠፋ፣ «ያኔ የገጠምሁልዎት አምፖል የዚህ ሞተር አልነበረም። ብርሃን አይሰጥም። የደከመው ዓይንዎት አልነበረም።»

ሽማግሌው ከመቀመጫቸው መብራቱን አተኩረው አዩ።

«ባሕር ዳር ሄጄ መነጽር አስለክቻለሁ» አሉ ቀስ ብለው። «ሐኪሙ ምንም የለብዎትም ቢለኝ አላመንሁትም።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«መስኩን እወደው ነበር፣ ይሻው። ቢሮው አልተስማማኝም።»

ይሻው አንገቱን ደፋ።

አቶ አስማማው ምርኩዛቸውን ይዘው ተነሡና መብራቱ ፊት ቆሙ። ብርሃኑ ጉሙን ሰንጥቆ ከአጥሩ ማዶ ያለውን የገብስ ማሳ አሳየ።

«እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉ። «አንተም ልጅ ነበርህ። በል አንተ ንዳ፤ እኔ ከኋላ እቀመጣለሁ።»

የሺሃረግ ደግፋ ሞተሩ ላይ አወጣቻቸው። ጋቢያቸውን አጥብቀው የይሻውን ትከሻ ያዙና በሩን አልፈው ቁልቁል ወደ ዋናው መንገድ ሄዱ።