ማን ይነካዋል?

እንግዳው ተናጋሪ ሰሌዳ የሚያጠፋው ከቤቱ ይዞት በመጣው ጨርቅ ነው፤ የክፍሉን ዳስተር ተጸይፎ። ሸሚዙ ካርቶን እስኪመስል ተተኩሷል። ከኋላ የተቀመጠችውን የፊዚክስ መምህርት አፉን ሳይከፍት አስጠላት።

«የእኔ ጥቁር ጉድጓድ» አለ፣ ብርሃን እንኳ ስለማያመልጠው የሰማይ አካል ሰሌዳው ላይ የጻፈውን ስሌት እንደ አንድ ልጁ እያቆላመጠ። «የሌሎቹ ስሌት መሐሉ ላይ ሲደርስ ይፈርሳል። የእኔ መሐሉም ሰላም ነው።»

«ትንሽ ቢነካስ?» አለች መምህርቷ። «የጉድጓዱ ውስጠኛ ጠርዝ ላይ ትንሿ ንዝረት እያደገች አትንደውም?»

«ማን ይነካዋል?» ብሎ ሳቀ፤ ብቻውን።

አይ የአንተ ነገር! አለች በሆዷ። ቤት ሠርቶ፣ እንዳይፈርስበት ሰው የማያስገባ ጅል!

ጠረጴዛው ላይ ስልኩ ተንቀጠቀጠ። በፊቱ ደፋው። ደግሞ ሲንቀጠቀጥ የሰሌዳውን ጨርቅ ጣለበት።

«ይቅርታ፣ ልጄ ናት» አለ፤ የተተኮሰው ሸሚዝ ብብቱ ላይ ረጥቧል። «ስትጀምር በትንሽ ነገር ነው። አንዴ ካነሳሁላት ግን እየባሰባት ይሄዳል እንጂ ማቆሚያ የላትም።»

መምህርቷ እስክሪብቶዋን ከደነች። ለካ የጥያቄዋን መልስ ያውቀዋል።

እሱ ወደ ሰሌዳው ዞሮ፣ ስለ ሰላማዊው መሐል ቀጠለ። ከጀርባው ስልኩ ጨርቁን እንደተከናነበ፣ እየተንቀጠቀጠ ወደ ጠረጴዛው ጫፍ ይጓዛል።