በአምስት ስልክ ያስቀመጥኩት ወንድሜ

መሐል ሜዳ፣ ወረዳው መዝገብ ቤት እሠራ ነበር። ሥራው ሰውን ግልባጭ ወዳድ ያደርጋል፤ ያለ ግልባጭ የወጣ ደብዳቤ እንዳልተጻፈ ይቆጠራል። ስለዚህ ወንድሜን ሞላሌ ገበያ በስልኬ የቀረጽኩት ጊዜ፣ ሁለት ደቂቃ የማትሞላ ቪዲዮ ብትሆንም፣ አንድ ስልክ ላይ ብቻ ትቼ ልቤ አላርፍ አለ። የቢሮውን ኮምፒውተር ቫይረስ አላስቀምጥ ብሎት ነበርና አላመንኩትም። በብሉቱዝ ለአምስት ሰው ላክሁ፦ ለአክስቴ፣ ለልጃቸው፣ ለአከራዬ፣ ለቢሯችን ጥበቃና ለወንድሜ ባልንጀራ። ያኔ ቀበሌው ሰዉን ሁሉ አንድ ለአምስት ያደራጅ ነበርና ወንድሜ እኔንም አደራጀሽኝ ብሎ ሳቀብኝ።

ቪዲዮዋ ቁም ነገር የላትም። ለፋሲካ በግ ሲገዛ ነው። ሽንጡን ይዳብሳል፣ ዋጋ ሰምቶ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይመጣል። መጨረሻ ላይ ወደ እኔ ዞሮ፣ «እኔን ተዪኝና በጉን ቅረጪ» ይላል።

በዓመቱ ታሞ ሞተ። ወላጆቻችን ካለፉ ወዲህ በአንድ ቤት ሁለታችን ብቻ ነበርን።

በሰልስቱ አክስቴ ስልክሽን ቻርጅ እናድርግልሽ ብለው ወሰዱት። ሲመለስ ቪዲዮዋ የለችም። የግድግዳው ፎቶም ወርዷል። የፎቶውን መውረድ ጠብቄው ነበር፤ በእኛ አገር ሐዘንተኛ ፊት የሟች ፎቶ አይተውም፣ ስትረጋጋ ይመለስላታል። ቪዲዮ ግን ሳጥን ውስጥ ተደብቆ አይቆይም። ቢሆንም አልደነገጥኩም፤ አምስት ግልባጭ አለኝ።

ከአርባው በኋላ አንድ በአንድ ጠየቅሁ። አከራዬ መሬት መሬት አዩ። ጥበቃው ኮፍያውን አወለቀ። የወንድሜ ባልንጀራ ላጠፋት ስል ሦስት ጊዜ አየኋት አለኝ። ነገሩን ያፍረጠረጠችው የአክስቴ ልጅ ናት፦ በሰልስቱ ተማክረው፣ ሐዘኑ እንዳይብስብኝ ከሁሉም ስልክ እንድትጠፋ ተስማምተዋል። የእናቷንም ያጠፋችላቸው እሷው ናት።

ተናደድኩ። ክፉዎች ቢሆኑ ተጣልቼ ይወጣልኝ ነበር። እነሱ ግን ብቻዋን አትዋል ብለው ተራ ገብተው ይመጣሉ፤ ቆሎ ይዘው፣ ስለ ገብሱና ስለ ውርጩ እያወሩ። ስሙን የሚጠራ ግን የለም። ሰው በሞላበት ቤት እንደዚያ ብቻዬን ሆኜ አላውቅም። ድምፁ ከጆሮዬ እየራቀ ሲሄድ ይታወቀኛል፤ ይኼ ለማን ይነገራል?

ሙት ዓመቱ የወጣ ዕለት አክስቴ ሰው እስኪበተን ጠበቁና በሩን ዘጉ። አጠገቤ ተቀምጠው የነጠላቸውን ጫፍ እያፍተለተሉ፣ «አሁን እንኳ አሳዪኝ፤ አንድ ጊዜ ብቻ» አሉኝ።

ምኑን ብዬ ጠየቅኋቸው።

«የገበያውን ነዋ። አንቺ መዝገብ ቤት ነሽ፤ የሆነ ቦታ አንድ ሳታስቀሪ አትቀሪም ብለን እኮ ነው ሁላችንም ያጠፋነው።»

የለኝም አልኳቸው። ማርያምን አልኩ። ስልኬን አውጥቼ ሰጠኋቸው፤ ማገላበጡን አያውቁበትምና መለሱልኝ። ፊቴን ረዘም ላለ ጊዜ አዩትና፣ «ይሁን፤ ይገባኛል» ብለው ተነሡ።

ቂም ይዤ የከለከልኳቸው መስሏቸዋል። እስከ ዛሬ አላመኑኝም።