ፀሐይ ከጀርባው ነበረች

ከሩቅ የመጣ የመስታወት ብርሃን ድንገት ዓይንዎን ወግቶት ያውቃል? ካጋጠመዎት ያውቁታል፤ እጅዎን ፊትዎ ላይ አድርገው «ማነው?» ይላሉ፣ ግን ማንንም አያዩም።

ሚዛን ተፈሪ ከተማ የፊዚክስ መምህር ሆኜ በተመደብኩበት ዓመት ትምህርት ቤታችን ከጎረቤት ከተማ ከቴፒ ከመጣ ቡድን ጋር ኳስ ተጫወተ። ግብ ጠባቂያችን አሥረኛ ክፍል የማስተምረው ልጅ ነበር። ጨዋታው ሊያበቃ ሲል ቀላል ኳስ እየተንከባለለች መጣች። ልጁ ጎንበስ ሲል ከማዶው የቡና ማሳ የመጣ ነጭ ብርሃን ፊቱ ላይ ብልጭ አለ። በሁለት እጁ ዓይኑን ሸፈነ። ኳሷ በእግሮቹ መካከል አልፋ ገባች።

«ሸጠን!» አለ አንዱ ከኋላዬ።

«እናቱ የቴፒ ሰው አይደለች እንዴ!» ሌላው ተቀበለው።

ሰኞ ልጁ ጨዋታ ሸጠሃል ተብሎ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ቀረበ። ጥፋተኛ ከተባለ ከትምህርት ይታገዳል። ምስክር ሆኜ ገባሁና ሰሌዳው ላይ ሜዳውን ሣልኩ። «ፀሐይ ከጀርባው ነበረች፤ ብርሃኑ ግን የመጣው ከፊቱ ነው። ስለዚህ ማዶ ሆኖ በመስታወት የመታው ሰው አለ» አልኩ።

ኮሚቴውን የሚመራው የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚቆጣጠረው ዩኒት ሊደር ነበር። «መስታወት የያዘውን ሰው አይተኸዋል?» አለኝ።

«አላየሁም።»

ወደ ልጁ ዞረ። «አንተስ?»

«እንዴት ብዬ ቲቸር? የመታኝ እኮ ዓይኔን ነው።»

«ዓይንህ ደምቷል? አብጧል?»

«አይ።»

«እንግዲያው ማንም አልነካህም።»

ልጁ ለዓመቱ ታገደ። የእናቱ ዘመዶች ጋ ቴፒ ወርዶ ቡና ለቀማ ገባ። «ይኸው፣ ወደ ገዢዎቹ ሄደ» ብለው ሳቁበት።

ጥቂት ወራት ቆይቶ ያው ዩኒት ሊደር መምህራን ማረፊያ ውስጥ ጋዜጣ ጮክ ብሎ አነበበልን። የሠለጠኑት አገሮች በጥይት ፈንታ ዓይን የሚያጠፋ ብርሃን የሚተኩስ የሌዘር መሣሪያ እየሠሩ ነው ይላል። «ድምፅ የለው፣ ደም የለው! ንጹሕ መሣሪያ ማለት ይህ ነው። እኛም ማስገባት አለብን።»

«ዓይኑ የጠፋ ወታደር ማንን ይከሳል?» አልኩት።

«አንተ ደግሞ ሻይ ስንጠጣም ታስተምራለህ!» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ።

እኔ አልሳቅኩም። ጥይት ቢያንስ ቀለሃ ይጥላል፤ ቁስልም ለዳኛ ይታያል። ብርሃን ግን ሥራውን ሠርቶ ይጠፋል፣ የተመታው ሰው ብቻውን ጥፋተኛ ሆኖ ይቀራል። ስለ አዲስ መሣሪያ ስንወስን የምንጠይቀው ደም ማፍሰስ አለማፍሰሱን ብቻ ከሆነ፣ የዚያን ኮሚቴ ፍርድ ዓለም ሁሉ ላይ እንፈርዳለን። ንጹሕነቱ ለያዘው እንጂ ለሚመታው አይደለም።

እስቲ እርስዎም ይሞክሩት። ፀሐይን ለጀርባዎ ሰጥተው ሜዳ ላይ ይቁሙ። ወዳጆችዎ ማዶ ቁጥቋጦ ውስጥ ይግቡ፤ አንዳቸው ብቻ መስታወት ይያዝና ለቅጽበት ፊትዎ ላይ ያብራ። ከዚያ የትኛው እንደሆነ በጣትዎ ያሳዩኝ።