እናቴ የቀበረችው እንሰት

እናቴ እንሰቷን ፍቃ ጓሮ ጉድጓድ ውስጥ ከቀበረች በኋላ ብዙም ሳትቆይ ሞተች። እኔ ያኔ ሶዶ ቤት ተከራይቼ የምማር የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ነበርኩ፤ ቤታችን ግን ዱቦ አካባቢ ነው። ከለቅሶው ስመለስ በፕላዝማ የሚተላለፈው የባዮሎጂ ትምህርት ኢንዛይም ላይ ደርሶ አገኘሁት። የፕላዝማው አስተማሪ እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል፤ ክፍሉ ውስጥ ሐዘንተኛ ይኑር አይኑር ምን ቸገረው።

ፕላዝማው ሲዘጋ መምህራችን በቀረችው ደቂቃ በአማርኛ ያስረዳን ነበር። ኢንዛይም ሌላውን ይለውጣል እንጂ እሱ ራሱ አያልቅም አለን። ልኩ የሆነውን ካላገኘ አይነካም። ቅዝቃዜ ያዘገየዋል፣ እሳት ይገድለዋል፤ አንዳንዴም የሠራው ነገር ሲበዛ ተመልሶ እሱኑ ያስቆመዋል። ለምሳሌ ቆጮን ጠቀሰ። ጉድጓድ ውስጥ በዓይን የማይታዩ ተሕዋስያን በኢንዛይማቸው ያቦኩታል፤ ኮምጣጣነቱ ሲበረታ ደግሞ ሥራቸው ይቀዘቅዛል፤ ቆጮ ሳይበላሽ የሚከርመው ለዚህ ነው።

እጄን አወጣሁና ባለቤቱ ሲሞት ሥራው ይቆም እንደሆነ ጠየቅኩት።

"ኢንዛይም የባለቤቱን ሞት አያውቅም" አለኝ። "ሴሉ ከሞተም በኋላ ይሠራል። የገዛ ቤቱን ያፈርሳል።"

ሐዘን ላይ መሆኔን ያወቀ አይመስለኝም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሁለቱ ጉድጓዶች ተምታቱብኝ፤ ቤተ ክርስቲያኑ ጋ ያለውና ጓሯችን ያለው። ቅዳሜ ቤት ስሄድ ወደ ጓሮ መውጣት ፈራሁ። ጉድጓዱን ከሸፈነው የእንሰት ቅጠል ሥር አንዳች ነገር ሲተነፍስ የምሰማ ይመስለኝ ነበር። ከልጅነቴ የምወደው የቆጮ ሽታ አስጠላኝ።

አባቴ ደግሞ እጇ ያረፈበት የመጨረሻ ነገር ነው ብሎ ጉድጓዱ እንዳይነካ ከለከለ። ታናናሾቼን ልታሳድግ እኛ ቤት የገባችው የእናቴ እህት ለመነችው። በቆሎው አልቋል፣ ልጆቹ ምን ይብሉ፣ ዝናቡ እየመጣ ስለሆነ ቅጠሉ ካልተቀየረ ውኃ ይገባና ይበላሻል አለችው። ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። እንሰት መፋቅ የሴት ሥራ ነው፤ ወንድ አይጠጋም። እሱ ግን ዱካ አውጥቶ ጉድጓዱ አጠገብ ይቀመጥ ጀመር።

አንድ ከሰዓት እንደ ምንም ፍርሃቴን ዋጥ አድርጌ አጠገቡ ተቀመጥኩና ከትምህርት ቤት የሰማሁትን ነገርኩት። ብንተወውም እሷ እንዳስቀመጠችው ሆኖ አይጠብቀንም አልኩት። ውስጥ ውስጡን እየሠራ ነው፤ ውኃ ከገባ ደግሞ እሷ የጀመረችውን ሌላ ነገር ይጨርሰዋል።

አባቴ ቀና ብሎ አየኝ።

"ሲጋገርስ?"

"ያኔ ይሞታል፣ አባዬ። እሳት አይችልም።"

"እንግዲያው ጥቂቱ ሳይጋገር ይቅር" አለ።

አክስቴ በማግስቱ ጉድጓዱን ከፈተች። ልጆቹ እስኪጠግቡ በሉ፤ እኔም ሽታው እያስጠላኝ በላሁ። ከዚያ አዲስ እንሰት ፍቃ ለሌላ ጉድጓድ ስታሰናዳ፣ ለእርሾ ካስቀረችው ከእናቴ ቆጮ አንድ ጭብጥ አነሳች። አባቴ እጁን ዘረጋና ተቀበላት።

ቀብር ላይ ሰዎች ደግፈው ስለያዙት አንድ እፍኝ አፈር እንኳ ሳይጥልባት ነበር የተመለሰው። አሁን ተንበረከከ። ያችን ጭብጥ ከአዲሱ መሐል አስቀመጠ፣ ቅጠሉን አለበሰ፣ ድንጋዩን አንድ በአንድ ጫነ። አክስቴ የሴት ሥራ ነው አላለችውም። ሲጨርስ እጁን ከድንጋዩ ላይ ሳያነሳ፣ እናቴ ከሞተች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ።